ሠርግ ያስቆመው ቁልፍ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ኪስ ጉዳይ ነው። የዛሬውም ጨዋታ ከሦስቱ አልወጣም። ፍቅርም አለበት፣ ሠርግም አለበት፣ ኪስማ ዋናው ነው። ልዩነቱ ባለጉዳዩ በደብዳቤ ሳይሆን በአካል የመጣ የልጅነት ጓደኛዬ መሆኑ ነው። ስሙን አልጠራም። አምበር ላይ አንድ ወንበር ተጋርተን የተማርን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አብረን የጨረስን ነን። እኔ ብዕር ይዤ አዲስ አበባ ቀረሁ፤ እሱ ኪቦርድ ይዞ አምበር ቀረ።

አምበርን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁና ወጥታችሁ፣ ደጀንን ካለፋችሁ በኋላ የምታገኟት የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት።

2016 ዓ.ም. ላይ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። «መጥቻለሁ» አለኝ። መንገዱ እንደ ልብ የማይኬድበት ጊዜ ነበርና ደነገጥኩ።

«ምነው? ሰው ታመመ እንዴ?»

«ኧረ ሁሉም ደህና ነው። አንድ ቁልፍ ልጫን ነው የመጣሁት።»

የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም! ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘው፣ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ተቀምጦ «የዚህ ሶፍትዌር ሕጋዊ ባለቤት እኔ ነኝ» የምትለዋን አንዲት ቁልፍ ለመጫን ነው። ከዚያ ቡና አዘዝንና ሆዱን ከፈተልኝ።

«እንግዲህ ምከረኝ» አለ። «ኪቦርዱንም ላፕቶፑንም ልሽጥና ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ላድርገው? እሷም ሰልችቷታል።» እሷ ያላት እጮኛውን ነው። ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች። «የሌላውን ሠርግ ስታሞቅ የራሳችን ቀዘቀዘ» ብላዋለች። ልጅቷ እውነቷን ነው!

ጥር 2015፦ ዳስ ውስጥ የደረሰው ጉድ

ነገሩ የሚጀምረው ከአምበር ወጣ ብሎ በተደገሰ ሠርግ ላይ ነው። እኔም ተጠርቼ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ያጓራል፣ ሁለት ሞንታርቦ ግራና ቀኝ ቆሟል። ጓደኛዬ እንደ ዘመኑ ኪቦርዲስት ነው። ከበሮውን፣ ቤዙንና ዋሽንቱን አስቀድሞ ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ ያስቀምጣል፤ ዕለቱ ሲደርስ ያንን ይለቅና በላዩ ላይ በእጁ ይጫወታል። አንድ ሰው ባንድ ሆነ ማለት ነው።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ አንደኛው ዘፈን ቀወጠው። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ቀጥ አለ። ላፕቶፑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ብቅ ብሏል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፈቃድዎን ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» ይላል። ኢንተርኔት? እዚያ ቦታ እኮ ስልክ ለመደወል እንኳ ጉብታው ላይ መውጣት ያስፈልግ ነበር!

ምስጢሩ የታወቀው ኋላ ነው። ሶፍትዌሩ ክራክ የተደረገ፣ ከሰው በፍላሽ የተቀዳ ነበር። የላፕቶፑን ሰዓት የምትጠብቀው ትንሿ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ሶፍትዌሩም «ይሄ ሰው በቀን እያጭበረበረኝ ነው» ብሎ ራሱን ቆለፈ።

የሙሽራው አጎት እየተቆጡ መጡ። ጓደኛዬ ላብ በላብ ሆኖ «ጋሼ፣ ማሽኑ ፈቃድ ጠየቀኝ» ቢላቸው፣ «ደግሶ የጠራህ እኔ፣ ፈቃድ የሚሰጥህ ማን ነው?» አሉት። ይሄኔ ከዳሱ ጥግ አንድ አዛውንት አዝማሪ መሰንቋቸውን ይዘው ተነሡ። ሞንታርቦ አላሰኛቸው፣ ጄኔሬተር አላሰኛቸው፤ ሠርጉን እስከ ማታ ይዘውት አመሹ። ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ ሽቦ ሲጠቀልል በአጠገቡ አልፈው፣ «አይዞህ ልጄ፤ እኔን ፈቃድ የሚጠይቀኝ ጭራውን የሰጠኝ ፈረስ ብቻ ነው» ብለው ሳቁ።

ከተቀበለው ብር ግማሹን መለሰ። የባሰው ግን ወሬው ነበር። እንደምታውቁት በትንሽ ከተማ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ከፍሎ ሲገዛም ተቆለፈበት

ልጁ ኩሩ ነው። «ከእንግዲህ የተሰረቀ አልነካም፣ ከፍዬ እገዛለሁ» አለ። ግን በምን? በተራው የብር ካርድ ከውጭ ሶፍትዌር አይገዛም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያለው የሠርግ ኪቦርዲስት ደግሞ ፈልጋችሁ አምጡልኝ! ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ውጭ ያለ ዘመድ። አሜሪካ ያለ የአክስቱ ልጅ ሰኔ 2015 ላይ በራሱ ካርድ ገዛለት። ፈቃዱም በአክስቱ ልጅ ኢሜይል ተመዘገበ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሶፍትዌሩ ሕጋዊ ሆነና ልጁ ደረቱን ነፋ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ይህ ሶፍትዌር በየጥቂት ሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ባለቤቱን ካላረጋገጠ አይሠራም። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ሶፍትዌሩ ይህን ከየት ይወቅ? ቀኑን ቆጠረና ተዘጋ።

እስቲ ፍርዱን ስጡኝ። ክራክ የሚጠቀመው የሠፈሩ ልጅ እየሠራ ነው። ከፍሎ የገዛው ግን ተቀምጧል። ለዚህ ነው አንዲት ቁልፍ ለመጫን ዓባይን የተሻገረው። አዲስ አበባ ደርሶም ሥራው ወዲያው አላለቀለትም። ማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው በአክስቱ ልጅ ኢሜይል ነዋ! እዚያ ደግሞ ሌሊት ነበር። ሰውየው እስኪነቃ ጠበቅን።

ይህ የጓደኛዬ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ ያሉ ሙዚቀኞች በዚሁ ሲማረሩ ኖረዋል። ድሮ ድሮ ስቱዲዮዎች የሚሠሩበት እንደ ኩቤስ ያለው ሶፍትዌር ፍላሽ የምትመስል ቁልፍ ነበረችው። እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተሰካች አይከፈትም። ቁልፏ ከጠፋች ወይ ከተሰበረች ጣጣ ነው። ኩባንያው በ2022 እ.ኤ.አ. ኩቤስ 12ን ሲያወጣ ይህን ትቶ በኢሜይል መግቢያ ወደሚሠራ ፈቃድ ዞረ፤ የድሮው የቁልፍ አሠራር አገልግሎትም በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሌሎቹ ደግሞ መሸጡን እየተዉ በወር ወደ ማከራየት ሄደዋል። ኪራይ ስትከፍል ዘፈንህ ይከፈታል፤ ስታቆም በራስህ ዘፈን ላይ በር ይዘጋብሃል።

ዋጋውንም እንየው። ከርካሾቹ አንዱ የሆነው ሪፐር የተባለው ሶፍትዌር ለግለሰብና ገቢው አነስ ላለ ሠሪ 60 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ 3,400 ብር ገደማ ነበር። ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ያው ዕቃ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። ሶፍትዌሩ አልተለወጠም፤ የእኛ ኪስ ነው የተለወጠው።

አሮጌው ኪቦርድ ባለውለታ ሆነ

ታዲያ ላፕቶፑ በተዘጋባቸው ወራት ልጁ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከመርካቶ በሁለተኛ እጅ የገዛውን አሮጌ ኪቦርድ አቧራውን አራገፈ። በውስጡ ሲኩዌንሰር የሚሉት ነገር አለ። ለማታውቁት ላስረዳ። ሲኩዌንሰር ድምፅ አይቀዳም፤ ትእዛዝ ነው የሚመዘግበው። የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ መቼ ተነካ፣ በምን ኃይል ተነካ፣ መቼ ተለቀቀ... ይህን ጽፎ ይይዝና ኋላ እንደ ታዛዥ ተማሪ ይደግመዋል።

ማሽኖች ይህን ትእዛዝ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሚዲ ይባላል። በ1983 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሲኩዌንሻልና የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያዎች መሣሪያዎቻቸውን በአንድ ሽቦ አገናኝተው ለሕዝብ አሳዩ። በአንድ ሽቦ 16 መሥመር ያልፋል፤ በአንዱ ከበሮ፣ በአንዱ ቤዝ፣ በአንዱ ዋሽንት እንደማለት ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሰዎቹ ይህን ቋንቋ አልቆለፉትም። ማንም ሠሪ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቁት። ለዚህም ነው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ የዛሬውና የጥንቱ ኪቦርድ አሁንም የሚግባቡት። የሥራው መሪዎች ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ2013 እ.ኤ.አ. የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝተውበታል።

የእኛም ሰው በማሽን ብቻውን ታሪክ ሠርቷል። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ካሴት አወጣ። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ የፈረንጁን ዓለም ሲያዳርስ ኃይሉ እዚያው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ያኔ የተጠቀመባቸው ማሽኖች «ባለቤቴ ማን ነው?» ብለው ጠይቀውት አያውቁም።

ግን አሮጌ ማሽንም ያሳብዳል። የጓደኛዬን እሮሮ ልንገራችሁ።

አንደኛው ምት ነው። የኪቦርዱ ዝግጁ ስታይሎች በአብዛኛው የተሠሩት ለፈረንጅ፣ አራት አራት እየቆጠሩ ነው። የእኛ ችክችካ ደግሞ 6/8 ነው። ልጁ የጎጃምን እስክስታ ሊሠራ ተቀምጦ ማሽኑ በግድ አራት ይቆጥርበታል። በእጁ ሲመታው ደግሞ ኳንታይዝ የሚባለው አስተካካይ እያንዳንዱን ምት ጎትቶ መሥመር ላይ ያስገባዋል። «እስክስታው የወታደር ሰልፍ ሆነ» አለኝ። ትከሻ የሚያስመታው እኮ ያቺ ትንሽ ቀደም፣ ያቺ ትንሽ ዘግየት ማለት ናት!

ሁለተኛው ቅኝት ነው። ትዝታና ባቲ ብዙ አያስቸግሩም። አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ ግን የመሰንቆው ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከኪቦርዱ ቁልፍ ጋር አይገጥምም። በሁለት ቁልፎች መሐል የተደበቀ ድምፅ አለ።

ሦስተኛው ማስታወሻው ነው። ማሽኑ የተሠራበትን ፍሎፒ ላይ ሳታስቀምጡ መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር ይጠፋል። የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ብልጭታ ጠፍቶበት ያለቀሰበት ሌሊት አለ። ፍሎፒውም አርጅቶ፣ አንድ ቀን ያነባል፣ አንድ ቀን አላውቅህም ይላል።

ያም ሆኖ አሮጌው ኪቦርድ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ አልጠየቀውም። በእነዚያ ወራት ከበፊቱ ሁለት ዓመት የበለጠ ዘፈን ሠራ።

«የኔንስ ማን ከፈለኝ?»

እዚህ ጋ ጨዋታው ወደ ቁም ነገር ዞረ። ከሠራቸው ዘፈኖች አንዱን ከአንዲት የአካባቢው ድምፃዊት ጋር ቀድቶት ነበር። ዘፈኑ በሚሞሪ ካርድ፣ በፍላሽ፣ በቴሌግራም ተዳረሰ። ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ዘፈን ሰማ። «ወንድሜ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?» ቢለው፣ ባለባጃጁ «በአሥር ብር ካርዴን ሞሉልኝ» አለው። ከአሥሯ ብር ለእሱ የደረሰው ምንም ነው። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ደም መሰለ። «ሌቦች!» አለ።

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን አፌ አላስቻለኝም። «ያ ሠርግ ላይ የቆመብህን ሶፍትዌር አንተስ ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

ሲኒውን አስቀመጠ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «የእነሱ ሀብታም ነው፣ የኔ ደሃ ነው» አለ። እውነት አለው። ግን ያኛው ባለባጃጅም ስለ እሱ «ዘፋኝ ሀብታም ነው» ይል ይሆናል።

ፈራጅ ለመሆን አይደለም። እኔም ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ኮምፒውተር ላይ ያለው ሁሉ በደረሰኝ የተገዛ ነው ብዬ አልምልም። ሕጉ ግን ሁለቱን አይለይም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፈኑንም የኮምፒውተር ፕሮግራሙንም ይጠብቃል፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አውታር የተባለውን፣ ዘፈን በስልክ ተከፍሎ የሚገዛበትን መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ቁስል ስለሚያመው ነው። ኤልያስ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ አረፈ፤ ጥያቄው ግን አላረፈም።

እንግዲህ ወዳጄ የሚጠላው ቁልፍና ለራሱ ዘፈን የሚመኘው ቁልፍ አንድ ቁልፍ ነው። ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው። ጥሩ ቁልፍ ሌባውን ያስቀራል፤ መጥፎ ቁልፍ ባለቤቱን ደጅ ያሳድራል። ሙዚቀኛ ሊጠላ የሚገባው ሁለተኛውን ነው።

ለእሱ የመከርኩት፣ ለእናንተም የሚሆን

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ከእሱም፣ እዚህ ስቱዲዮ ከሚሠሩ ልጆችም ጠይቄ ያሰባሰብኩት ነው።

1. ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ቁልፉን ጠይቁ። ኢንተርኔት የሚፈልገው አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየወሩ? ያለ ኢንተርኔት ማስከፈቻ አለው? አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ትንሽ ፋይል በፍላሽ ወስዳችሁ፣ ኔትወርክ ባለበት ሌላ ኮምፒውተር አስፈቅዳችሁ እንድትመልሱ ይፈቅዳሉ። ይህ ቢኖረው ኖሮ ጓደኛዬ ፍላሿን በታማኝ ተጓዥ ይልክ ነበር እንጂ ራሱ ዓባይን አይሻገርም ነበር።

2. ዘመድ ቢገዛላችሁም ፈቃዱ በእናንተ ኢሜይል ይመዝገብ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህቺን ነው። በሰው ቁልፍ ቤት አይገባም።

3. በነፃ የሚገኝም አለ። ኤልኤምኤምኤስ ለማንም ክፍት ነው። መጀመሪያ ትንሽ ያስቸግራል፤ ግን ዳስ ውስጥ ፈቃድ አይጠይቃችሁም።

4. ያለቀ ዘፈን ሁሉ በሁለት መልክ ይቀመጥ። አንዱ ሚዲ ነው፤ የትም ማሽን ያነበዋል። ሌላው እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ በድምፅ ማውጣት ነው፤ ከበሮ ለብቻ፣ ቤዝ ለብቻ። ሶፍትዌሩ ነገ ቢዘጋ ዘፈናችሁ አይዘጋም።

5. የሠርግ ሳምንት ላፕቶፕ አይታደስም፣ አይሻሻልም፣ አይነካም። ለክፉ ቀን ዘፈኖቹን በፍላሽ ያዙ። የሰዓት ጠባቂዋ ባትሪ ርካሽ ናት፤ ቀኑ እየተሳሳተ ካያችሁ ቶሎ አስቀይሯት።

6. ለችክችካ ገና ከመጀመራችሁ 6/8 ብላችሁ ክፈቱ። ማሽኑ አራት ብቻ ካወቀ ምቱን ለሦስት የሚከፍለውን ትሪፕሌት ምረጡ። ኳንታይዙ ፐርሰንት ካለው 100 አታድርሱት፤ ከ50 እስከ 70 ሞክሩና በትከሻችሁ ፍረዱ።

7. ለአንቺሆዬ፣ ብዙ ኪቦርዶች ለዓረብ ሙዚቃ ተብሎ የተሠራ የቅኝት ማስተካከያ አላቸው። የእያንዳንዱን ቁልፍ ድምፅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። መሰንቆ የሚጫወት ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና በጆሮ አስተካክሉ።

8. ለአሮጌ ኪቦርድ በፍሎፒው ቦታ የሚገባ፣ ፍላሽ የሚቀበል መተኪያ አለ። ጠይቃችሁ፣ ለማሽናችሁ የሚሆነውን አስገቡ።

ባጃጁስ? «ላፕቶፑ ይቆይ፣ ኪቦርዱን ግን እንዳትሸጥ» አልኩት። «ባጃጅ መንዳት ነውር የለበትም፤ ኃይሉ መርጊያም ታክሲ እየነዳ ሙዚቃውን አልተወም። እሷን ግን ከማሽኑ ጋር አታወዳድራት። ቀን ቁረጥላት።» ይህን የመጨረሻውን ሲሰማ አንገቱን ሰበረ። የልብ ቁልፍም ጊዜው ካለፈ በኋላ ይዘጋል እኮ!

ወደ አምበር ተመለሰ። በኋላ ሲደውልልኝ ሁለት ዜና ነገረኝ። አንደኛው፣ ያ አዛውንት አዝማሪ ቤቱ መጥተው በመሰንቆ እየመሩት አንቺሆዬን ኪቦርዱ ላይ አስተካክለዋል። ሁለተኛው፣ ቀን ተቆርጧል። ለራሱ ሠርግ መሰንቆው ይጫወታል፣ አሮጌው ኪቦርድ ያጅበዋል።

«ላፕቶፑስ?» አልኩት።

«አልተጠራም» አለኝ።